የአካባቢ ዘላቂነትና የምግብ ደህንነት ተመራማሪዎችን ለመሸለም፦ ከጥቆማ እስከ ምስክር ወረቀት

የምርምር ሽልማት ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ዳኞች ሲቀመጡ ሳይሆን ማስታወቂያው ሲጻፍ ነው። «በአካባቢ ጥበቃና በምግብ ደህንነት የላቀ ሥራ የሠሩ» ብላችሁ ከጠራችሁ የሚጎርፍላችሁ ረጅም የሕትመት ዝርዝር ነው። የምትሸልሙትን ነገር ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉት፦ ባለፉት 5 ዓመታት በአፈር ወይም በውሃ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ወይም ብክነትን የቀነሰ፣ ይህንንም ሲያደርግ ምግቡን ለተመጋቢው አደገኛ ያላደረገ ሥራ።

ክብደቱ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ሁለቱ ዘርፎች በወረቀት ላይ እንደሚስማሙት በማሳ ላይ አይስማሙም። ፍሳሽን አጣርቶ ለመስኖ ማዋል የወንዝ ውሃ ያተርፋል፤ ማጣሪያው ደካማ ከሆነ ግን ጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ የአንጀት ትላትል እንቁላል ይቀራል። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ሥራው በሌላኛው ወገን ያመጣው ጉዳት ተለክቷል? እንዴት?» የሚል የግዴታ ጥያቄ አስገቡ። ይህን ባዶ የተወ ጥቆማ ወደ ዳኞች አይለፍ።

ከዚህ ውጪ ቅጹ አጭር ይሁን፦ የ2 ገጽ መግለጫ፣ ቢበዛ 5 ሥራዎች፣ ውጤቱን በተግባር የተጠቀሙ 2 ሰዎች። ኤች ኢንዴክስ (የተመራማሪው ጽሑፎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካ ቁጥር) እና የመጽሔት ኢምፓክት ፋክተር (የመጽሔቱ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር) አትጠይቁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው ስለ ምርምር አመዛዘን የሚናገረው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም መጽሔቱን የሚለካ ቁጥር ተመራማሪውን ለመመዘን እንዳይውል ያሳስባል። በምግብ ደህንነት ደግሞ ትልቁ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የቁጥጥር መመሪያ ወይም የደረጃ ሰነድ ሆኖ ነው፤ ይህ በጥቅስ ቆጠራ አይታይም።

የዓለም አካባቢ ቀን ግንቦት 28፣ የዓለም የምግብ ደህንነት ቀን ግንቦት 30 ይውላሉ፤ በመካከላቸው መሸለም ለሁለቱም ዘርፍ ይመቻል። ለጥቆማ 8 ሳምንት፣ ለመጀመሪያ ማጣሪያ 2፣ ነጥብ ለመስጠት 4፣ የዕጩዎቹን ማስረጃ ለማጣራት 3፣ ለዝግጅት 2 ብትመድቡ ጥሪው ጥር አጋማሽ ላይ መውጣት አለበት። ጊዜ ሲያጥር ሁልጊዜ የሚቆረጠው የማስረጃ ማጣሪያው 3 ሳምንት ነው፤ መነካት የሌለበትም እሱ ነው።

ዳኞች 5 ይበቃሉ፦ የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ ባለሙያ፣ የአፈርና ውሃ ባለሙያ፣ የስታቲስቲክስ ሰው፣ የምግብ ተቆጣጣሪ፣ አምራች። ከዕጩው ጋር ባለፉት 5 ዓመታት አብሮ ያሳተመ፣ ያስተማረው ወይም አብሮት የሚሠራ ዳኛ ውይይቱ እስኪያልቅ ከክፍሉ ይውጣ። ዝም ብሎ መቀመጡ አይበቃም፤ እሱ ፊት ለፊት እያለ ማንም በነጻነት አይናገርም። ከ100 ነጥብ ለማስረጃው ጥንካሬ 40፣ በሁለቱም ወገን ለተለካ ውጤት 25፣ በተግባር ለመዋሉ 25፣ መረጃን ለሌሎች ክፍት ለማድረግ 10 ስጡ። እያንዳንዱ ዳኛ ከስብሰባው በፊት ለብቻው ነጥቡን አስገብቶ ይጨርስ፤ አለዚያ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሁሉንም ይጎትታል።

ማጣራቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ከእበት የተሠራ ኮምፖስት የፋብሪካ ማዳበሪያን ተካ» የሚል ጥቆማ መጣ እንበል። ከምርቱ ቁጥር በፊት የሙቀት መዝገቡን ጠይቁ። በረድፍ ለሚከመር ኮምፖስት የታወቀው መስፈርት ለ15 ቀን 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ መቆየት፣ በዚሁ ጊዜም ቢያንስ 5 ጊዜ መገላበጥ ነው። የክምሩ ዳር ቀዝቃዛ ስለሆነ ካልተገላበጠ ሳልሞኔላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እዚያው ይተርፋል። ቴርሞሜትሩ መሃል ላይ ብቻ የተሰካበት፣ መገላበጡም ያልተመዘገበበት ጥናት ስለ ደህንነት ምንም አላሳየም።

አፍላቶክሲንን (ሻጋታ በእህል ላይ የሚያመነጨውን መርዝ) ቀነስን ለሚሉ ጥናቶች ጥያቄው የናሙና አወሳሰድ ነው። መርዙ በእህሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት ፍሬዎች ብዙውን ይሸከማሉ። ከአንድ ጆንያ አፍ የተዘገነ ናሙና ንጹህ ቢሆን ሌላውን ጆንያ አይመሰክርም። ከብዙ ቦታ ተወስዶ፣ ተፈጭቶና በደንብ ተቀላቅሎ መመርመሩ በጽሑፍ ይታይ። ቤተ ሙከራው የአይኤስኦ 17025 (የቤተ ሙከራ ብቃት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ዕውቅና አለው ከተባለም የዕውቅናውን ወሰን አንብቡ፤ ለውሃ ምርመራ ያገኘው ዕውቅና ለአፍላቶክሲን አያገለግልም። ከዚያ ዕጩው ያልጠቆማቸውን 2 ተጠቃሚዎች ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ ከታተመ በኋላ ከመጽሔት የተሰረዘ የዕጩው ጽሑፍ ካለም እዩ። ማስተካከያ የወጣለት ጽሑፍ ግን ለብቻው ዕጩን አያስጥል፤ ስህተቱን ራሱ ያረመ ተመራማሪ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሥራው የቡድን ከሆነ ናሙና ሰብሳቢዎቹና የቤተ ሙከራ ባለሙያዎቹ በስማቸው ይጠሩ። በምስክር ወረቀቱ ላይ «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» አትበሉ፤ የተሠራውን ጻፉ። ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ለሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ነው፤ ይህን ያነበበ ሁሉ ምን እንደተሸለመ ያውቃል። ስም ከመታተሙ በፊት አጻጻፉን ተሸላሚው ራሱ ያረጋግጥ፤ «ሀ» ይሁን «ኃ» እናንተ አትገምቱ።

ላላለፉት ዕጩዎች በማስረጃ ወይም በአጠቃቀም በኩል የጎደለውን በሁለት መስመር ጻፉላቸው፤ ጎደሎውን ሞልተው በሚቀጥለው ዙር እንደገና ሳይጠቆሙ እንዲመለሱም ፍቀዱ። ውጤቱ በኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ሽልማቱ እንዴት እንደሚነጠቅ፣ ማን እንደሚወስንና ተሸላሚው በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ በደንቡ ውስጥ ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ይስፈር።