የበረራ ሠራተኞች የእጅ ሻንጣ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዛሬ በየተርሚናሉ የምናየው ተጎታች የእጅ ሻንጣ የተወለደው በበረራ ሠራተኞች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ ጎማ ሻንጣ በጠፍር የሚሳብና ለመውደቅ የሚቀለው ዕቃ ነበር። ሻንጣውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ሁለት ጎማና ረጅም የሚሳብ እጀታ የገጠመለት ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ፕላዝ የተባለ የኖርዝዌስት አየር መንገድ የቦይንግ 747 አብራሪ ነው። ፕላዝ መጀመሪያ የሸጠው ለሥራ ባልደረቦቹ ሲሆን፣ መንገደኞች የደንብ ልብስ የለበሱት ሰዎች ሻንጣቸውን ያለ ድካም ሲጎትቱ አይተው ፈለጉት። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ገበያውን የሞላው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚጓዝ ሰው የተሠራ ሻንጣ ነው፤ የሥራ ሕይወቱን ሻንጣ እየጎተተ የሚያሳልፈው አስተናጋጅ ወይም አብራሪም ከዚያው መደርደሪያ ላይ ያነሳል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው፤ ሻንጣው ባዶውን፣ በሱቅ ለስላሳ ወለል ላይ፣ በመንገደኛ ዓይን ታይቶ ይገዛል።

በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ልኬት ማመን

በሻንጣው ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሻንጣው አካል ልኬት ብቻ ነው፤ ጎማው፣ የጎን እጀታውና ሲሞላ ወደ ፊት የሚያብጠው ኪስ አይቆጠሩም። አየር መንገዶች ግን ሁሉንም ጨምረው ይለካሉ። በርካታ የአሜሪካ አየር መንገዶች የሚፈቅዱት 56 በ36 በ23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሌላ ቦታ 55 በ40 በ20 ወይም በ23 የሚሉ አሉ፤ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) በመመሪያው የሚጠቅሰው ደግሞ 56 በ45 በ25 ነው። ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ልዩነቱን ለማጥበብ 55 በ35 በ20 የሆነ የጋራ ልኬት ሐሳብ አቅርቦ፣ ተቃውሞው ሲበረታበት በዚያው ወር ሐሳቡን አቆየው። ስለዚህ ሁሉም የሚስማማበት አንድ ልክ የለም፤ አስተማማኙ መንገድ ሻንጣውን ዕቃ ሞልቶ ከግድግዳ አስጠግቶ ማቆምና ከወለሉ እስከ ላይኛው እጀታ ድረስ በሜትር መለካት ነው።

«እኔን ማን ይለካኛል?» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም። በሥራ ላይ እያለ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያው ሰው በዕረፍት ቀኑ በሠራተኛ ትኬት በሌላ አየር መንገድ ሲሳፈር፣ ወይም ወደ ሥራ መነሻው ከተማ እንደ መንገደኛ ሲሄድ፣ የመንገደኛ ደንብ ይመለከተዋል። ከዚህም በላይ ደንብ ባይኖር እንኳ የአውሮፕላኑ መጠን ይከለክላል፤ እንደ ሲ አር ጄ 200 ባሉ ትናንሽ ጄቶች ውስጥ ከራስ በላይ ያለው ማስቀመጫ መደበኛውን ተጎታች ሻንጣ አያስገባም። በእንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች የሚሠራ ወይም የሚመላለስ ሰው ሻንጣው ከአውሮፕላኑ በር ላይ ተወስዶ ከአውሮፕላኑ ወለል ሥር ባለው የጭነት ክፍል እንደሚጫን አስቀድሞ አስቦ፣ ያንን አያያዝ የሚችል ሻንጣ መምረጥ ይኖርበታል። ሲከፈት ሻንጣውን አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያሰፋው ዚፕም ለዚህ ሥራ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ሄዶ ሲመጣ የተከፈተ ዚፕ ልክ የነበረውን ሻንጣ ከልክ ያወጣዋል።

አራት ጎማን የምቾት ምልክት አድርጎ መውሰድ

ከሁሉም ይልቅ ገንዘብ የሚያባክነው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በየአቅጣጫው የሚዞሩ አራት ጎማዎች ያሉት ሻንጣ በሱቅ ወለል ላይ በአንድ ጣት ይነዳል፤ ገዢውም እዚያው ይማረካል። የበረራ ሠራተኛ መንገድ ግን የሱቅ ወለል አይደለም። ወደ አውሮፕላኑ የሚያደርሰው ድልድይ ያዘነበለ ነው፤ የሠራተኞች አውቶቡስ ይታጠፋል፣ ድንገት ፍሬን ይይዛል፤ ሆቴሉ ምንጣፍ አለው፤ ከሆቴሉ በፊትም አስፋልትና የንጣፍ ድንጋይ አለ። እነዚያ በአንድ ጣት የሚነዱት ጎማዎች በተዳፋት ላይ ሻንጣውን ከባለቤቱ አስቀድመው ይልኩታል፣ በምንጣፍ ላይ ደግሞ ይከብዳሉ። ጎማዎቹ ከሻንጣው ሥር ተንጠልጥለው የሚወጡ በመሆናቸው ዕቃ ጫኝ ሲወረውረው መጀመሪያ የሚመታው እነሱ ናቸው፤ ከተፈቀደው ቁመት ላይም የተወሰነ ሴንቲ ሜትር ለልብስ ሳይሆን ለጎማ ይውላል።

ሁለት ጎማ ያለው ሻንጣ በአንጻሩ ትልልቅ ጎማዎቹን በማዕዘኖቹ ውስጥ ሸሽጎ ይይዛል፤ ከኋላ ዘንበል ብሎ ስለሚጎተት ጉድጓድና ጠርዝ በቀላሉ ያልፋል፤ ሲቆምም ባለበት ይቆማል። ለረጅም ዘመን የበረራ ሠራተኞች ሻንጣ ባለ ሁለት ጎማ ሆኖ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስል ሁሉም አራት ጎማ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የትከሻ ወይም የእጅ አንጓ ሕመም ላለበት ሰው፣ የሻንጣውን ክብደት በክንዱ ከመሸከም ከጎኑ እያቆመ ቢነዳው ይሻለዋል፤ ጠባብ በሆነው የአውሮፕላን መተላለፊያ ውስጥም አራት ጎማ ይመቻል። ነገር ግን ምርጫው የሚወሰነው መንገዱንና አካልን አይቶ እንጂ ሱቅ ውስጥ በተሰማው ቅልጥፍና መሆን የለበትም።

ጎማው ሁለትም ይሁን አራት፣ ሻንጣውን ገልብጦ ሥሩን ማየት ተገቢ ነው። ጎማው በብሎን ከታሰረ ሲያልቅ በሁለት ደቂቃ ይቀየራል። ከታሰረበት ጋር በሪቬት (በማይፈታ ምስማር) የተመታ ከሆነ ግን ጎማው ያለቀ ዕለት ሻንጣውም አለቀ ማለት ነው። በስኬቲንግ ጫማ ላይ እንደምናየው ያለ፣ ውስጡ ኩሽኔታ የተገጠመለትና ዙሪያው በፖሊዩሪቴን (ላስቲክ መሰል ፕላስቲክ) የተሸፈነ ጎማ ከደረቅ ፕላስቲክ ይልቅ ድምፁም ዝቅተኛ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሆቴል ኮሪደር ሻንጣ የጎተተ ሰው ይህ ተራ ነገር አለመሆኑን ያውቃል።

እጀታውን ብቻውን መሞከር

መንገደኛ አንድ ሻንጣ ይጎትታል፤ የበረራ ሠራተኛ ግን በሻንጣው ላይ ሌላ ቦርሳ፣ አንዳንዴም የምግብ ቦርሳ ጨምሮ ይጎትታል። ስለዚህ እጀታው የሚፈተነው ያ ሁሉ ሲጫንበት ነው። ሻንጣውን በግማሽ ሞልተው፣ የዘወትር ቦርሳዎን በላዩ አንጠልጥለው፣ እጅዎን ይልቀቁት፤ በፊቱ የሚደፋ ከሆነ በእያንዳንዱ ሰልፍና በእያንዳንዱ ሊፍት ውስጥ እንዲሁ ይደፋል። ለበረራ ሠራተኞች ተብለው የሚሠሩ ሻንጣዎች ከፊት ለፊት መንጠቆ ወይም ማሰሪያ የሚኖራቸው፣ መቆሚያቸውም ወደ ፊት የሚወጣው ለዚህ ነው። እጀታው ተስቦ ሲወጣ በጣም የሚወዛወዝ ከሆነ በየቀኑ ሸክም መገጣጠሚያው እየላላ መሄዱ አይቀርም። ቁመቱም ሊታይ ይገባል፤ አጭር እጀታ ረጅም ሰው ተረከዙን በጎማው እንዲመታና ጎንበስ ብሎ እንዲሄድ ያደርገዋል።

ክብደትና ጥንካሬን አለማመዛዘን

በዚህ ጉዳይ ሰው የሚሳሳተው በሁለቱም ወገን ነው። አንዱ ከሁሉ የቀለለውን ይፈልግና በስድስት ወሩ ማዕዘኑ የተቀደደ፣ አጽሙ የተጣመመ ሻንጣ ይዞ ይቀራል። ሌላው ደግሞ «ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የተባለለትን የብረት አጽም ያለው ሻንጣ ይገዛል፤ እንዲህ ያለው ባዶውን አራት ኪሎ ግራም ተኩል ሊደርስ ይችላል። የሰባት ኪሎ ገደብ ባለበት አየር መንገድ እንደ መንገደኛ ሲሳፈር ለዕቃው የሚተርፈው ሁለት ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። በብረት አጽሙ ላይ መፍረድ ግን አይገባም፤ በሥራ ላይ ብቻ ለሚጠቀምበትና ሻንጣውን ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ለማያነሳ አብራሪ ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ለአስተናጋጅ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ይህን ሞልቼ ከራሴ በላይ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ለዓመታት ላነሳው እችላለሁ ወይ? ትከሻ እንደ ጎማ በብሎን ተፈትቶ አይቀየርም።

ስለ ጨርቁ ሲነገር «1680 ዲኒየር» የሚል ቃል ይሰማል። ዲኒየር ማለት 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር በግራም ሲመዘን የሚኖረው ክብደት ነው፤ 1680 ዲኒየር የሆነ ክር ዘጠኝ ኪሎ ሜትሩ 1,680 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው የክሩን ውፍረት እንጂ የሻንጣውን ጥንካሬ በሙሉ አይደለም፤ አሸማመኑ፣ የስፌቱ ጥልፍና በማዕዘኑ ላይ ያለው መከላከያ እኩል ድርሻ አላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፍንጣሪ መከላከያ ሰደርያ የተሠራው ባለስቲክ ናይለን እስከ ዛሬ ለእንዲህ ያሉ ሻንጣዎች የሚመረጠው መፋተግን ስለሚችል ነው። ዚፑንም ሙሉ ዙር ደጋግመው ይክፈቱት፤ በተለይ በማዕዘኑ ላይ የሚይዝ ዚፕ ሻንጣው ሲሞላ የሚበጠስበትን ቦታ አስቀድሞ ያሳያል።

የደረቅ ቅርፊት ሻንጣን ሳያስቡበት መምረጥ

ፖሊካርቦኔት ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ቅርፊት ሲመታ ጎብጦ ይመለሳል፤ ኤ ቢ ኤስ ከተባለው ርካሽ ፕላስቲክ የተሠራው ግን ይሰነጠቃል። ዝናብም ቢሆን ደረቁ ቅርፊት ይሻላል። የሚያስቸግረው አከፋፈቱ ነው፤ አብዛኞቹ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ስለሚከፈሉ በጠባብ የሆቴል ክፍል ውስጥ የራሳቸውን እጥፍ ወለል ይወስዳሉ። የውጭ ኪስ ስለሌላቸውም ፓስፖርት፣ መታወቂያ ወይም ታብሌት በፍተሻ ላይ ሲጠየቅ ሻንጣው በሰው ፊት ይዘረጋል። የውጭ ኪስ አስፈላጊነት የሚታወቀው ሲጠፋ ነው።

በውስጡ የተሠራ ባትሪ ያለውን መግዛት

ስልክ የሚሞላ ሻንጣ ለበረራ ሠራተኛ የተፈጠረ ይመስላል፤ ነገር ግን ባትሪው የማይነቀል ከሆነ መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ትልልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች ባትሪው የማይወጣ «ዘመናዊ» ሻንጣ እንዳይጫን ከልክለዋል፤ ምክንያቱም ሊትየም ባትሪ በጭነት ክፍል ውስጥ ሲግል ወይም ሲነድ የሚያየው ሰው የለም። ተነቃይ ባትሪና ፓወር ባንክ በሰው እጅ፣ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ይሆናሉ። እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ያለው በተለምዶ ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን መንገደኛ ይዞ መሳፈር አይችልም። በባትሪው ላይ የተጻፈው 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከሆነ በ3.7 ቮልት አባዝቶ ለ1,000 በማካፈል 74 ዋት ሰዓት መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ሻንጣው በድንገት ወደ ጭነት ክፍል ሲላክ ባትሪውን በፍጥነት ማውጣት ስለሚያስፈልግ፣ ከልብስ ሥር የተቀበረ ፓወር ባንክ ልክ እንደማይነቀል ባትሪ ያስቸግራል።

ዋስትናውን እስከ መጨረሻው አለማንበብ

የአንዳንድ አምራቾች ዋስትና ለግል ጉዞ ብቻ የተሰጠ ሲሆን፣ ሻንጣው ለሥራ በየቀኑ ከዋለ አይጸናም፤ በአየር መንገድ አያያዝ የደረሰ ጉዳትን የሚያስቀሩም አሉ። ለበረራ ሠራተኞች በተለየ የሚሸጡ ሻንጣዎች ጥቅማቸው አንዱ ዋስትናቸው ይህን ሥራ አውቆ መጻፉ ነው። ከዋስትናው ይልቅ እኔ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ጎማው፣ እጀታውና ዚፑ ለብቻቸው ይሸጣሉ ወይ? ለጥገና ተልኮ ሦስት ሳምንት የሚቆይ ሻንጣ፣ ነገ በረራ ላለበት ሰው፣ የሌለ ያህል ነው።

ከሌላው የማይለይ ሻንጣ ይዞ መሄድ

ብዙ አየር መንገዶች ሠራተኞቻቸው ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሻንጣ እንዲይዙ ያዝዛሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ይሰጣሉ። ስለዚህ በቀለም መለየት አይቻልም፤ ከመግዛትዎ በፊት የደንብ ልብስ መመሪያውን ማየት፣ ሻንጣው ከተገዛ በኋላም መመሪያው በፈቀደው መጠን በእጀታው ላይ ምልክት ማሰር ይበቃል። በመለያው ላይ የቤት አድራሻ መጻፍ ግን አይመከርም፤ ባለቤቱ ለቀናት ከቤት እንደሚርቅ ሻንጣው ራሱ የሚናገር ነውና። ስምና የሥራ ስልክ ከውጭ፣ ሙሉው አድራሻ ከገበሩ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል።