ዐውቆ የደበቀውንና ሳያውቅ ያገዘውን መለየት፦ የ1965ቱን የወሎ ረኃብ ለሚያጠኑ

የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ በአንድ ሰው ትእዛዝ ብቻ ተሸሽጎ አልቆየም፤ ወሬው ከራያና ቆቦ ወይም ከየጁ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በብዙ እጅ አልፏል። ስለዚህ ከሽማግሌዎችና ከመዝገብ ቤት ታሪኩን የምትሰበስብ አጥኚ በመጀመሪያ ከጭቃ ሹም (ከመንደር ሹም) እስከ ወረዳና አውራጃ፣ ከዚያም ደሴ እስከነበረው ጠቅላይ ግዛት ጽሕፈት ቤትና እስከ ሚኒስቴሮቹ ያለውን ሰንሰለት በወረቀት ታስፍር። ከእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ሁለት ቀን ትጻፍ፦ ነገሩን የሰማበትንና ድርጊቱን የፈጸመበትን። መመደብ ያለበት ሰውየው ሳይሆን ድርጊቱ ነው፤ ያው ጸሐፊ በኅዳር ሳያውቅ የገለበጠውን ደብዳቤ በየካቲት ዐውቆ ሊያፍነው ይችላልና።

ከሁሉ የሚከብደው የእህል ነጋዴውና የጭነት መኪና ሾፌሩ ጉዳይ ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እንዳሳየው፣ በረኃቡ ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር፤ ገበሬው መግዣ ስላጣ የደሴ ዋጋ ብዙም አልናረም። ገበያውን ብቻ ያየ ሾፌር እጥረት መኖሩን ላይጠረጥር ይችላል። ሆኖም በ1965 አጋማሽ የተራቡ ሰዎች በዋናው መንገድ ላይ ተሰልፈው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሰው አላየሁም ቢል ቃሉን ለመቀበል ይቸግራል። እንዲህ ያለውን «ዐውቆ የደበቀ» ወይም «ሳያውቅ ያገዘ» ከማለት «ጠርጥሮ ያልጠየቀ» በሚል በሦስተኛ ምድብ ማስፈር ይሻላል፤ በእኔ እምነት አብዛኛው ሰው የሚገኘው እዚህ ነው።

የጊዜ ምልክቶችንም በጥንቃቄ መጠቀም ይገባል። በጥቅምት 1966 በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው ፊልም ረኃቡን ለዓለም ቢያጋልጥም፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ በዋዜማው ስለሆነ፣ የደሴን ጸሐፊ ዐዋቂ አያሰኘውም።

ሽማግሌ ስትጠይቂ «ያውቁ ነበር?» የሚለውን ወደ መጨረሻ አቆዪው። አስቀድመሽ «አባባ፣ ያን ጊዜ ሥራዎ ምን ነበር? ወሬውን ከማን ሰሙ? እህሉ የት ይራገፍ ነበር?» ብትዪ መልሱ ራሱ ቀኑን ያወጣዋል። የሰውየው ልጆችና የተጎጂው ልጆች ዛሬም በአንድ ቀበሌ ይኖሩ ይሆናልና፣ ሁለተኛ ምስክር ወይም ደብዳቤ ያልደገፈውን ስም «ያልተረጋገጠ» ብለሽ ለብቻው አኑሪው።