ያገለገለ ሱፐርካር ስትገዙ የጎማውን ዕድሜ እዩ

ዱባይ ላይ ያገለገለ ፌራሪ ወይም ላምቦርጊኒ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ብዙ አልተነዳም በሚለው አትዘናጉ። ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ጎን አንብቡ። «ዲኦቲ» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የሚመጡት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተመረተበት ጊዜ ናቸው፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። ከውጭ በኩል ካላገኛችሁት በውስጠኛው ጎን ፈልጉ። እነዚህ መኪኖች ቆመው ስለሚከርሙ የጎማው ጥርስ አዲስ ይመስላል፤ ላስቲኩ ግን በዕድሜና በሙቀት ይደርቃል። እንደ ፌራሪ 458 ያለ፣ ከ560 በላይ የፈረስ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች ብቻ የሚሰጥ መኪና በደረቀ ጎማ ነዳጅ ሲረገጥ ኋላው በቀላሉ ይንሸራተታል። እኔ ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ አላምንም፤ አራቱንም ቀይሩ፣ ወጪውንም ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ። አዲሱ ጎማም ቢሆን በደንብ ሳይሞቅ መኪናውን በኃይል አትንዱት።