ጉልበት ሙሉ በሙሉ ከመቀየሩ በፊት፦ ቀለል ያሉ የቀዶ ሕክምና አማራጮችን እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

«ጉልበትዎ መቀየር አለበት» የተባለ ሰው ከመስማማቱ በፊት ሊያስቀድመው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የተበላው የትኛው የጉልበት ክፍል ነው የሚል ነው። ጉልበት የውስጥ ጎን፣ የውጭ ጎንና ከሎሚው ሥር ያለው ተብሎ በሦስት ስለሚከፈል፣ ጉዳቱ በአንዱ ብቻ ከተወሰነ ሌሎቹን አብሮ መቀየር ላያስፈልግ ይችላል።

ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ደረጃ ወጥተው ይውረዱና የሚያምዎትን ቦታ በአንድ ጣት ለማመልከት ይሞክሩ። ጣትዎ ደጋግሞ አንድ ጎን ላይ ካረፈ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ጠቋሚ ምልክት እንጂ ምርመራ አለመሆኑን ግን አይዘንጉ። ራጁም ቆመው የተነሡት መሆን አለበት። ተኝተው ሲነሡ የሰውነት ክብደት በጉልበቱ ላይ ስለማያርፍ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ይታያል፤ የጉዳቱም መጠን ይደበቃል።

እግርዎ ወደ ውጭ የጎበጠ፣ ዕድሜዎ ከ60 በታች የሆነና ብዙ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ስለ ኦስቲዮቶሚ ይጠይቁ። በዚህ ሕክምና ከጉልበት በታች ያለው ትልቁ አጥንት ከላይኛው ጫፉ አጠገብ ተቆርጦ ይቃናል፤ በብረትና በብሎንም ይያዛል፤ በዚህም ክብደቱ ከተበላው ጎን ወደ ጤነኛው ይዛወራል። መገጣጠሚያው የራስዎ እንደሆነ ይቆያል፤ ወደፊት ሙሉ ለውጥ ቢያስፈልግም በሩ አይዘጋም። ይሁን እንጂ አጥንቱ እስኪገጥም ለሳምንታት በክራንች መሄድ ይጠይቃል፤ ሲጋራም አጥንት መግጠሙን ስለሚያዘገይ አስቀድሞ ማቆም ግድ ነው።

ከፊል የጉልበት ለውጥ ደግሞ የተበላውን ጎን ብቻ ይተካል። የጉልበቱ ጅማቶች ጤነኛ ሲሆኑ የሚመረጥ ሲሆን፣ ሩማቶይድ (የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃበት በሽታ) ላለበት ሰው ግን አይመከርም። ማገገሙ ይፈጥናል፤ በአንጻሩ ከሙሉ ለውጥ ይልቅ እንደገና የመሠራት ዕድሉ ከፍ ይላል። በመሆኑም ቀዶ ሐኪሙ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራው መጠየቅ ነውር የለውም።

ሐኪሙ በአርትሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ወደ መገጣጠሚያው በምትገባ ካሜራ) «ጉልበቱን እንጠበው» ቢልዎ ምክንያቱን ጠበቅ አድርገው ይጠይቁ። በአሜሪካ፣ ሂውስተን፣ በ180 የጉልበት አንጓ መበላት ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሁለት ዓመት ክትትል የታጠቡት ቆዳቸው ብቻ ከተቀደደላቸው ሰዎች የተሻለ እፎይታ እንዳላገኙ አሳይቷል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ላይ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሦስቱም ክፍሎች ከተበሉ ግን ትንሹን ቀዶ ሕክምና መምረጥ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን መጋበዝ ነው። በመጨረሻም ጉልበትዎ ምን እንዲሠራልዎ እንደሚፈልጉ፣ ለስግደት ወይም ለሶላት መንበርከክም ሆነ በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ በግልጽ ይናገሩ፤ ከተተካ መገጣጠሚያ ጋር መንበርከክ ብዙዎችን ስለሚያስቸግር ምርጫውን ሊለውጠው ይችላል።