ሰራተኛ እየለቀቀባችሁ ላላችሁ የካፌ ሰዎች

ጎንደር ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ሺፍት መሪ ነኝ፣ ሰሞኑን ሁለት ሦስት ሰው "ልጆቹ እየለቀቁብኝ ነው ምን ላድርግ" ስላለኝ ነው ይሄን የምፅፈው።

ከሁሉም በፊት ደሞዝ በቀኑ ክፈል። ደሞዝ እያዘገየህ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" የምትል ከሆነ የቀረውን አታንብበው፣ አከራይ ቤተሰብ አያውቅም።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሚባሉ አሜሪካውያን ሳይኮሎጂስቶች ሰው ሦስት ነገር ይፈልጋል ይላሉ፣ በራሱ መወሰን፣ ስራውን እንደሚችል ማወቅ፣ ከሰው ጋር መቀራረብ። ዴሲ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተማሪዎችን ፐዝል ያሰራና ለአንዱ ቡድን በፈቱት ልክ 1 ዶላር 1 ዶላር ይከፍላል፣ ክፍያው ሲቆም እነዛ ልጆች በእረፍታቸው ፐዝሉን መነካካት ቀነሱ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው ጉድ የሆንኩት። ጠረጴዛ ቶሎ ለሚያፀዳ በቀን 50 ብር አልኩ፣ ሁለት ሳምንት ቤቱ መስታወት መሰለ፣ ብሩን ሳቆም ድሮ ማንም ሳይነግራት ትጠርግ የነበረች ልጅ የፈሰሰ ማኪያቶ እያየች "ዛሬ ብር አለው?" አለችኝ። ሳቅኩ፣ ግን ከነከነኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ በራሳቸው እንዲወስኑ የሺፍት ፕሮግራሙን ለልጆቹ ልቀቀው። ባዶ ወረቀት ኪችን በር ላይ ለጥፍ፣ ጠዋት ስንት ሰው ማታ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ብቻ ፃፍበት፣ ስሙን እነሱ ይሙሉት። ጥቅሙ ጥምቀት ላይ ነው የሚታይህ፣ ጥር 10 እና 11 ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ልጆቹ ደግሞ ታቦት አጅበው ፋሲል መዋኛ መውረድ ይፈልጋሉ። አምና እኔ አውጥቼው ሦስቱ "አመመን" ብለው ቀሩ። ዘንድሮ ራሳቸው ሲያወጡት ሙስሊሞቹ ልጆች ጥምቀትን ለክርስቲያኖቹ ያዙላቸው፣ ክርስቲያኖቹ ደግሞ በረመዳን የማፍጠሪያውን ሰዓት ሊሸፍኑላቸው ተስማሙ፣ ይሄ በኔ ጭንቅላት አይመጣም ነበር።

ምርጫ የሌለው ነገር ላይ ምክንያቱን ንገራቸው። "ወተት ሁለቴ አታፍሉ!" ብለህ ከመጮህ ሁለቴ የፈላ ወተት አረፋው እንደማይቆምና ጣዕሙ እንደሚበላሽ አንዴ አስቀምሳቸው፣ ከዛ ወዲያ አትጮህም።

አዲስ ልጅ ከሆነ ደግሞ እሁድ ጠዋት ሰው ከቤተክርስቲያን ሲወጣ ማሽኑ ላይ አትወርውረው፣ ከሰዓት ቀዝቀዝ ሲል አስለምደው። "ጎበዝ" ብቻ ማለትም ምንም አይነግረውም፣ "ዛሬ አረፋው እስከ መጨረሻ ቆመ" በለው። ሲሳሳት ደንበኛ ፊት አትናገረው፣ በቃ።

መቀራረቡ ላይ ብዙ አልልም፣ ለቅሶ ድረስ፣ ቡና አብረህ ጠጣ፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ የማናየው ነገር ግን አለ፣ ማታ 3 ሰዓት የምትወጣው ልጅ ቤቷ በምን ነው የምትሄደው? እኔ አላውቅም ነበር፣ ለካ ባጃጅ ስታጣ እስከ ማራኪ ሰፈር ብቻዋን በእግሯ ነው። አሁን ወረቀቱ ላይ የማራኪ ልጆች ማታ ማታ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚሞሉት።