ተረከዝና ውስጥ እግር ለሚያማችሁ፣ ኢንሶል እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚለመድ

ጠዋት ከአልጋ ወርዳችሁ መጀመሪያ ስትረግጡ ሚስማር የረገጣችሁ ያህል ተረከዛችሁን ካመማችሁ፣ ትንሽ ስትራመዱ ለቀቅ ካረጋችሁ፣ ብዙ ቁጭ ብላችሁ ስትነሱ ደሞ ተመልሶ ከመጣ ይሄ ጽሁፍ ለናንተ ነው። እኔ ስራዬ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው፣ ይሄን ህመም ከ8 ወር በላይ ይዤው ዞሬያለሁ። መጀመሪያ በጣም ለስላሳ የጄል ኢንሶል (ጫማ ውስጥ ከእግር ስር የሚገባ ሶል ነው) ገዛሁ፣ ለሳምንት ያህል ተመቸኝ ከዛ ህመሙ እዛው ነው። ቀጥሎ በእግሬ ልክ ጠንካራ ኢንሶል፣ ኦርቶቲክስ የሚሉትን አሰራሁና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ አድርጌው ዋልኩ፣ በሶስተኛው ቀን ጉልበቴን ማመም ሲጀምረኝ አውልቄ አስቀመጥኩት። ቆይቶ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ረጋ ብላ ስታስረዳኝ ነው የገባኝ፣ ጠንካራው ኢንሶል ምንም አልነበረበትም፣ አለማመዴ ነበር የተሳሳተው። ለዛ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

እንዴት እንደሚሰራ ካወቃችሁ ምርጫው ይቀላል። አንድ እግር ውስጥ 26 አጥንትና 33 መገጣጠሚያ አለ፣ ከተረከዝ አጥንት ስር ተነስቶ እስከ ጣቶች ድረስ የሚሄድ ወፍራም ጅማት መሰል ነገር ደሞ አለ፣ ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል፣ ስንቆም እንደተወጠረ ገመድ ሆኖ የውስጥ እግራችንን ጎድጓዳ ቦታ ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። የጠዋቱ ህመም ብዙ ጊዜ ከዚ ነው የሚመጣው። ኢንሶል ህመሙን አያድንም፣ የሚያረገው ነገር ክብደታችሁን ከታመመው ቦታ ቀንሶ ላልታመመው ማካፈል ነው። ጎድጓዳው ስር ደገፍ ሲገባ ፋሺያው ላይ ያለው ውጥረት ይቀንሳል፣ ተረከዙ ዙሪያውን ሲያዝ ደሞ ከስሩ ያለው የስብ ትራስ ወደጎን እንዳይበተን ሰብሰብ ይላል። የኔ ጄል ያልሰራው ለዚ ነው፣ ስትረግጡት ወዲያው ተጨፍልቆ ያልቃል፣ ክብደቱን ወደሌላ ቦታ ሊያዞር የሚችልበት ጥንካሬ የለውም።

ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት በባዶ እግር ቁጭ በሉና የሚያመውን ቦታ በአውራ ጣታችሁ እየተጫናችሁ ፈልጉ። ህመሙ ተረከዙ ስር ወደፊትና ወደ ውስጥ በኩል ካለ ፋሺያው ሊሆን ይችላል፣ እዚ ላይ ጎድጓዳውን የሚደግፍና ተረከዙን የሚይዝ ይረዳል። ልክ ተረከዙ መሀል ላይ ሆኖ ጠንካራ ወለል ላይ ሲረገጥ የሚብስ ከሆነ የስብ ትራሱ ሳስቶ ሊሆን ይችላል (እድሜ ሲጨምር የሚመጣ ነገር ነው) እዚ ላይ ለስላሳ ግን ጠለቅ ያለ የተረከዝ መያዣ የተሻለ ነው። ከጣቶቹ ስር ያለው ወፍራም ቦታ ላይ፣ ማለትም ፊት እግራችሁ ላይ ከሆነ ሜታታርሳል ፓድ የሚባል የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላት ትራስ አለች፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው፣ የሚያመው ቦታ ስር ያረጋታል። መቀመጥ ያለባት ከሚያመው ቦታ ወደኋላ፣ ወደ ተረከዝ በኩል ነው፣ አጥንቶቹን ከኋላ አንስታ ነው ጫናውን የምትቀንሰው፣ ልክ ስሩ ካረጋችኋት ታባብሰዋለች። በሶስተኛውና በአራተኛው ጣት መሀል የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ ከሆነም ነርቭ ሊሆን ይችላል፣ እሱም በዚች ፓድና ፊቱ ሰፋ ባለ ጫማ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን በራሳችሁ አትሞክሩ። ህመሙ በቁርጭምጭሚት ውስጠኛው በኩል ሆኖ እግራችሁ ከቀን ወደ ቀን ወደ ውስጥ እየተኛ ከመጣ፣ በአንድ እግር ቆማችሁ ተረከዛችሁን ከመሬት ማንሳት ካቃታችሁ፣ ጎድጓዳውን የሚይዘው ጅማት እየደከመ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ባለሙያ ይየው። የስኳር ህመም ያለባችሁ ደሞ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። ስኳር የእግርን ስሜት ሊያደነዝዝ ይችላል፣ የማይመች ጠንካራ ኢንሶል ቁስል ሲፈጥር ላይሰማችሁ ይችላል፣ ስለዚ ሀኪም ሳያየው ምንም አታስገቡ፣ ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን በእጅ ዳብሱ፣ ማታ ማታ እግራችሁን ከስርም ከጣቶች መሀልም እዩ። ከወደቃችሁ ወይ ከመታችሁ በኋላ መርገጥ ካቃታችሁ፣ እብጠትና ትኩሳት ካለው፣ ተኝታችሁም የማይለቅ ህመም ከሆነም ወደ ሀኪም ነው የሚኬደው።

ጠፍጣፋ እግር ስላላችሁ ብቻ ኢንሶል ያስፈልጋችኋል የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። የማያምና ከስራ የማያስቀር ጠፍጣፋ እግር ምንም አያስፈልገውም። ትንንሽ ልጆች ሁሉም ማለት ይቻላል እግራቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ጎድጓዳው እያደጉ ሲሄዱ ነው የሚወጣው፣ ህመም ከሌላቸውና እንደልባቸው ከሮጡ ተዋቸው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ የተዘጋጀ ልግዛ ወይስ በልኬ ላሰራ? ለተራው የተረከዝ ህመም በልክ የተሰራውንና ጥሩውን የተዘጋጀ ኢንሶል ያወዳደሩ ጥናቶች በአማካይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ስለዚ ከተዘጋጀው ጀምሩ፣ በስርአት አድርጋችሁት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ድረስ ምንም ለውጥ ከሌለ ያኔ ወደሌላው ሂዱ። በልክ ማሰራት ከመጀመሪያው የሚያዋጣው ጎድጓዳው በጣም ከፍ ያለ እግር ኖሯችሁ ሲያማችሁ፣ የሪህ አይነት የመገጣጠሚያ በሽታ የእግራችሁን ቅርጽ ሲቀይረው፣ ሁለቱ እግሮቻችሁ በጣም ሲለያዩ ወይም ስኳር ያለባችሁ ሆናችሁ ሀኪሙ ሲያዝላችሁ ነው። በተለይ ከፍ ያለ ጎድጓዳ ያለው እግር መሬት የሚነካው በተረከዝና በፊት እግር ብቻ ስለሆነ፣ መሀሉን ሞልቶ የሚይዝለት ነገር ሲያገኝ በጣም ነው የሚቀለው።

የተዘጋጀውን ስትመርጡ ጎድጓዳውን የሚደግፈውን ቦታ በአውራ ጣት ጠንከር አርጋችሁ ተጫኑት፣ ሙሉ በሙሉ ከተኛ ስፖንጅ ነው፣ ሊደግፋችሁ አይችልም። ትንሽ ሸብረክ ብሎ መመለስ አለበት። ተረከዙ ጠለቅ ያለ ይሁን። ከዛ መሬት ላይ አስቀምጡትና ቁሙበት፣ ከፍ ያለው ቦታ ከናንተ ጎድጓዳ ጋር መግጠም አለበት፣ ወደፊት ወይ ወደኋላ ከሄደ ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ያ ኢንሶል የናንተ አይደለም።

በልክ ስታሰሩ ደሞ ባለሙያውን እዩት። ጥሩ ባለሙያ የት እንደሚያምና መቼ እንደሚያም ይጠይቃል፣ በባዶ እግር ያስኬዳችኋል፣ የቆየ ጫማችሁ በየት በኩል እንዳለቀ ያያል፣ ከዛ በኋላ ነው በጄሶ ወይ በሚሰረጉድ ፎም ወይ በስካነር ልክ የሚወስደው። ማሽን ላይ አቁሞ ባለቀለም ስእል አሳይቶ ወዲያው የሚሸጥላችሁን ግን ተጠራጠሩ፣ ስእሉ ጫናው የት እንዳለ ያሳያል እንጂ ለምን እንደሚያማችሁ አይናገርም። አዘውትራችሁ የምታረጉትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልተመቸኝ መልሳችሁ ታስተካክሉልኛላችሁ ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ ምክንያቱም በመጀመሪያው ልክ የሚመጣው ሁሉም አይደለም፣ ትንሽ ሲሞረድ ወይ ሲጨመርበት ነው ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው።

ጫማው ራሱ ካልሆነ ኢንሶሉ ብቻውን ምንም አያረግም። መጀመሪያ ከጫማው ጋር የመጣውን የውስጥ ሶል አውጡት፣ እሱ ላይ ደርባችሁ አታርጉ፣ እግራችሁ ወደላይ ይወጣና ተረከዛችሁ እየሾለከ ያስቸግራል። የጫማው ተረከዝ ጀርባ ስትጫኑት የማይተኛ፣ ክር ያለው፣ ፊቱ ሰፋ ያለ፣ በሁለት እጅ ስትጠመዝዙት እንደ ጨርቅ የማይጠመዘዝ ይሁን።

አለማመዱን አደራ፣ እኔ የተጎዳሁት እዚ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን 1 ሰአት ብቻ፣ ከዛ በየቀኑ 1 ሰአት እየጨመራችሁ፣ በ2 ሳምንት አካባቢ ሙሉ ቀን ትደርሳላችሁ። ሩጫና ስፖርት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ጎድጓዳው ስር የሆነ ነገር እንደረገጣችሁ ይሰማችኋል፣ ባታችሁም ሊዝል ይችላል፣ ያ ጤነኛ ነው። ስለታም ህመም፣ ውሃ የቋጠረ ቆዳ፣ አዲስ የጉልበት ወይ የወገብ ህመም ከመጣ ግን አውልቁ፣ አንድ ሁለት ቀን እረፉና በትንሽ ሰአት ጀምሩ፣ 3 ሳምንት አልፎም ካልለቀቀ መልሳችሁ ለሰራው ሰው ውሰዱት።

ከኢንሶሉ ጎን ለጎን እግሩን አለማምዱት። ጠዋት ገና ከአልጋ ሳትወርዱ የሚያመውን እግር ሌላኛው ጉልበት ላይ አድርጋችሁ ጣቶቹን በእጅ ወደ ቅልጥማችሁ ሳቡ፣ 10 ሰከንድ ያዙ፣ 10 ጊዜ ደጋግሙ፣ በቀን 3 ጊዜ። ከኔ ልምድ ይቺ የጠዋቷን የመጀመሪያ እርምጃ ከምንም በላይ ቀይራልኛለች። ግድግዳ ተደግፎ ባትን ማሳሳብም አለ። ቤት ስትገቡ ደሞ ጠንካራ ወለል ላይ በባዶ እግር አትዙሩ፣ ቀን ያገኛችሁትን እረፍት ማታ ታጡታላችሁ፣ ለቤት ብቻ የሚሆን ደገፍ ያለው ነጠላ ጫማ ይኑራችሁ። የተረከዝ ህመም ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፣ ወራት ይፈጃል፣ አብዛኛው ሰው ግን ያለ ኦፕራሲዮን በአመት ውስጥ ይሻለዋል።

አያያዙ ቀላል ነው፣ በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ጥረጉት፣ ጥላ ስር ይድረቅ፣ ፀሀይ ላይም ማሞቂያ አጠገብም አታስቀምጡት ቅርጹ ይበላሻል። ኢቪኤ ከሚባለው ቀላል ፎም የተሰራ ኢንሶል ብዙ ለሚቆም ሰው በአመት ውስጥ ሊተኛ ይችላል፣ የጠንካራው ፕላስቲክ ብዙ አመት ይቆያል፣ ላዩ ላይ ያለው ልባስ ብቻ ነው የሚቀየረው። እኔ በየ3 ወሩ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ጎድጓዳውን በጣቴ እጫናለሁ፣ አንደኛው ከሌላኛው ቀድሞ ከተኛ ወይ ጠዋት ላይ ያቺ የድሮዋ ህመም ጫፏ ብቅ ካለች የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።