ግፊት ያለበት ሰው አይብ ሲመርጥ

ግፊት እንዳለብኝ የተነገረኝ ሰሞን መጀመሪያ የተውኩት ወተት ነበር። «ቅባት ነው፣ ግፊት ያስነሳል» ሲባል ሰምቼ ነው። ቁርስ ላይ የማላጣውን ነጭ ፌታ አይብ ግን አልነካሁትም። ነገሩን ገልብጬ ይዤው ኖሯል፦ ግፊት የሚያስነሳው የጨው ክፍል ሶዲየም ነው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 100 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ሲኖረው፣ 100 ግራም ፌታ ወደ 1,000 ይጠጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2,000 በታች ነው።

ስለዚህ አይብ ስትገዙ ማሸጊያውን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። በ100 ግራም ስንት እንደሆነ የሚናገረውን ዓምድ ተመልከቱ፤ አምራቹ «አንድ ጊዜ የሚበላ» የሚለው መጠን እኔ ከምቆርሰው እኩሌታውን አይሞላም። የተጻፈው ሶዲየም ሳይሆን ጨው ከሆነ ለ2.5 አካፍሉት። ሪኮታና የስዊስ አይብ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋቸው ትንሽ ነው፤ ቼዳር 600 ሚሊ ግራም ይሻገራል፤ በስሱ ተቆርጦ የሚታሸገው ቺዝ ብዙ ጊዜ ከዚያም ይብሳል።

ፌታን መተው ያቃተው እንደ እኔ ያድርግ። በስሱ ቆርጣችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉትና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውኃውን ቅመሱት፤ ያ ሁሉ ጨው ወደ ሆዳችሁ ሊገባ የነበረ ነው። ውኃውን ለውጣችሁ ድገሙት። ጨው ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ አይቡም ትንሽ ይፈረፈራል፤ እኔ ግን ለምጄዋለሁ።

ወተትና እርጎን በተመለከተ ስቡ የተቀነሰውን፣ እርጎውንም ስኳር ያልገባበትን ምረጡ። በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው፣ አመጋገብ ግፊትን እንዴት እንደሚለውጥ በመረመረው የዳሽ ጥናት፣ ግፊት ካለባቸው ተሳታፊዎች መካከል አትክልትና ፍራፍሬ ያበዙት የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው በ7 ያህል ወረደ፤ በዚያ ላይ ስቡ የተቀነሰ ወተት ተጨምሮላቸው አጠቃላይ ቅባት የተቀነሰላቸው ደግሞ በ11 ያህል። ልዩነቱን ሁሉ ለወተቱ አልሰጥም፤ ገበታው በሙሉ ተለውጧልና። ቅቤ ከዚህ ወገን አይቆጠርም።

አምሎዲፒንን የመሰለ «ካልሲየም ገቺ» የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ የምትጠጡት ወተት ካልሲየም ቢኖረውም መድኃኒቱን አያከሽፈውም። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን ወተት ውስጥ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስላለ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ማኦ ገቺ የሚባለውን የድብርት መድኃኒት የሚወስድም ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የቆየ አይብ አይብላ፤ ግፊቱን በድንገት ሊያንረው ይችላል።

ለውጡን ለማየት ጠዋት ጠዋት፣ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ፣ ክንዳችሁን በልብ ትክክል አስደግፋችሁ ሁለት ጊዜ ለኩና መዝግቡ። ቁጥሩ ቢወርድም መድኃኒቱን በራሳችሁ አትቀንሱ፤ መዝገቡን ለሐኪማችሁ አሳዩ።